የአንድ ክንድ አገር

በተንሳፋፊ ወረዳ ከጠዋቱ ዜና በፊት የአገሪቱ አድራሻ ይነገራል።

«እንደምን አደራችሁ። አገራችን ሌሊቱን ወደ ምሥራቅ ተጉዛለች። የሰሜን ድንበራችን ወደ ዳርቻው ተጠግቷል። ከአረፋው መስመር ውጭ ያደራችሁ ዜጎች ቁርስ ሳትሉ ተመለሱ። መልካም ቀን።»

ድምፅ ማጉያው ይህን ሲናገር የወረዳው ሕዝብ በየበረንዳው ተንበርክኮ ጣቱን ውሃ ውስጥ ነክሯል። ከዚያ ጣቱን ይልሳል። ከሩቅ ለሚያይ የማለዳ ጸሎት ይመስላል። ውሃው ወንዝ ወንዝ ካለ ሰውየው ዜጋ ነው፤ ፊቱን ታጥቦ ወደ ሥራው ይሄዳል። ጨው ጨው ካለ ቤቱን ከጎረቤቱ ፈትቶ መቅዘፍ አለበት፤ አገሩ ጥላው ሄዳለችና።

ነገሩ የመጣው እንዲህ ነው። ዓባይ የማን ነው የሚለው ክርክር ያለቀው አንዱ ወገን ረትቶ ሳይሆን ሁሉም ደክሞት ነው። በመጨረሻው ስብሰባ፣ ተደራዳሪዎቹ በየወንበራቸው ሲያንጎላጁ፣ አንዲት አንቀጽ ሾልካ ገባች፤ የወንዙ ውሃ ባሕር ከገባ በኋላም ከጨው ጋር እስካልተቀላቀለ ድረስ የመነጨበት አገር ግዛት ነው የምትል። በማግሥቱ በየአደባባዩ ተጨፈረ። ለትውልድ ያህል የባሕር በር ስንለምን ኖረን የባሕር ቆዳ ተሰጠን።

ቆዳው ቀጭን ነው። የወንዝ ውሃ ከባሕር ውሃ ስለሚቀል ከድሮው ዴልታ አፍ ሲወጣ አይሰምጥም፤ እንደ ቡናማ ሰሌን ላይ ላዩን ይነጠፋል፣ ወደ ቀኝ ይታጠፋል፣ ከዚያ ዳርቻ ዳርቻውን ይዞ ወደ ምሥራቅ ይሄዳል። ጥልቀቱ በደጉ ወር የቆመ ሰው ይውጣል፤ በክፉው ወር አንድ ክንድ ነው። ከዚያ በታችም፣ ጨዋማው ከሚጀምርበት የአረፋ መስመር ማዶም ያለው የሌላ ነው። ስለዚህ በወረዳው መልህቅ መጣል ድንበር መድፈር ነው። ወደ ታች የጠለቀ ዓሣ ተሰዷል። የሰጠመ ሰው ያለ ቪዛ ወጥቷል፤ ቤተሰቡ ሬሳውን የሚያገኘው ሁለት መንግሥታት ተጻጽፈው ሲጨርሱ ነው፤ እስካሁን ጽፈው የጨረሱበት ጊዜ የለም።

ደጋ ላይ የጣለው የክረምት ዝናብ እዚህ የሚደርሰው በመስከረም ነው። ያኔ አገር ትሰፋለች፤ ሰው ቤቱን ራቅ ራቅ አድርጎ ያቆማል፣ ከሰከላና ከቋሪት ዘመድ ጠርቶ «ይህ ሁሉ የኛ ነው» እያለ በእጁ ያሳያል። ግንቦት ሲደርስ አገሪቱ ዳርቻው ላይ እንደ ጫማ ማሰሪያ ትለጠፋለች። ቤቶቹ የቆሙባቸው በርሜሎች እርስ በርስ ይጋጫሉ፤ አንዱ ቤት ሲያስነጥሱ ሌላው ቤት ሳህን ይንቀጠቀጣል።

ለዚህ ነው በወረዳው ልጅ የሚወለደው በመስከረምና በጥቅምት የሆነው። አንቀጿ ስለ ውሃ እንጂ ስለ እናት አትናገርም። ሕፃኑ መጀመሪያ ሲጮህ የልኬት ሠራተኛው የጨው መለኪያ ዘንጉን ከቤቱ ሥር ይነክራል። አረንጓዴ ከበራ ልጁ ዜጋ ነው። ቀይ ከበራ ጨው ላይ ተወልዷል፤ አገር የለውም፤ በዚያው ቀን ከአረፋው መስመር ማዶ ወደቆመው ነጭ መርከብ ይወሰዳል። መርከቡ የበጎ አድራጊዎች ነው። ልጆቹ እዚያ ይበላሉ፣ ይማራሉ፣ ይዘምራሉ ይባላል። ተመልሶ የመጣ ስለሌለ «ይባላል» ነው። ወላጅ ከፈለገ አብሮ መሄድ ይችላል፤ አብሮ የሄደም አልተመለሰም።

ስለዚህ ጤና ጣቢያው በየታኅሣሡ ባለትዳሮችን በዘፈን ያበረታታል፤ በየነሐሴው ደግሞ በድምፅ ማጉያ ይገሥጻል። የመምህር አንሙት ሚስት ፋናዬ ምጥ የያዛት በግንቦት ነው። ግንቦት ማለት ደግሞ ነሐሴ ነው፤ ይህን ጣቱን አጥፎ ያላረጋገጠ ጎረቤት አልነበረም።

«ለመሆኑ ፍልሰታን ጾመዋል?» ብላ ነበር እትዬ ጥሩዬ፣ የወረዳው አስለቃሽ፣ የፋናዬ ሆድ መታየት በጀመረበት ሰሞን።

«ከተፈታ በኋላ ነው» አለ አንሙት፤ ማንም አልጠየቀውም ነበር፣ ንግግሩም የትምህርት ቤት ወላጆች ስብሰባ ላይ ነበር። ከዚያ ወዲህ ስሙ በወረዳው «ከተፈታ በኋላ» ተብሎ ቀረ። ተማሪዎቹ ሳይቀሩ «ከተፈታ በኋላ ዛሬ ፈተና አለ ብሏል» ይላሉ።

አንሙት የሚያስተምረው ጂኦግራፊ ነው። ወንዙ ለምን ወደ ቀኝ እንደሚታጠፍ፣ ነፋስ ሲነሣ ቆዳው ለምን እንደሚሳሳ፣ የጀልባ ሞተር ከሥር ያለውን ጨው እንዴት ወደ ላይ እንደሚያወጣ በየዓመቱ ሰሌዳ ላይ ይሥላል። የወረዳው ልጆች ሁሉ ይህን ሥዕል ያውቁታል። ወላጆቻቸውም ያውቁታል፤ የቤት ሥራውን የሚሠሩት እነሱ ናቸው።

*

ሲስተር ከድጃ የመጣችው ፀሐይ እንደወጣች፣ እየቀዘፈች ነው። የወሎ ሰው ናት፤ የወረዳው ብቸኛ አዋላጅ ናት። ፋናዬን አየቻት፣ ወገቧን ዳሰሰች፣ ከዚያ በረንዳው ላይ ወጥታ እጅጌዋን ጠቀለለችና ክንዷን ውሃው ውስጥ ከተተች። ቡናማው ክርኗ ጋ ጀምሮ አንጓዋ ጋ አለቀ። ጣቶቿ ሰማያዊው ውስጥ ነበሩ፤ ማለትም ውጭ አገር።

«ይበቃል?» አለ አንሙት።

«ካልነኩት ይበቃል። እስከ ቀትር ትገላገላለች፣ ኢንሻአላህ።» እጇን በቀሚሷ ጠረገች። «አንድ ነገር ልንገርህ። እዚህ አካባቢ ሞተር እንዳይደርስ። ሰው አትጥራ።»

«እድሩንስ?»

«እድሩን በተለይ።»

ከውስጥ ፋናዬ ጥርሷን ነክሳ ሁሉን ትሰማ ነበር።

«አንሙትዬ» አለችው። «ዛሬን ብቻ ይሉኝታ የሌለው ሰው ሁንልኝ። አንድ ቀን ነው። ነገ ወደ ድሮው ትመለሳለህ።»

«እሺ» አላት። በእውነት ነው እሺ ያለው።

ግን የእድርን ነገር የማያውቅ ሰው ይህ ይቀላል ይላል። በተንሳፋፊ ወረዳ ውስጥ ሞተር ማስነሣት የተከለከለ ነው፤ ከእድር በቀር። ክልከላው ሲረቀቅ «ታዲያ ለቅሶ በምን እንደርሳለን?» የሚል ጥያቄ ተነሣ፤ አርቃቂውም የእድር አባል ነበር። መጀመሪያ እድሩ ለሞት ብቻ ነበር። ወሊድ እንደ ሞት የሚያስፈራ ሲሆን ወሊድም ተጨመረ። ከሁለቱ በአንዱ የቀረ ሰው፣ ወይም ሳይናገር በሩን ዘግቶ የወለደ ሰው፣ የሱ ቀን ሲመጣ ብቻውን ነው። ብቻውን ማለት ደጋ ላይ ማኩረፍ ነው። እዚህ ግን ነፋስ ቤትህን ወደ ጨው ሲወስደው ገመድ የሚወረውርልህ የለም ማለት ነው። ባለፈው ዓመት አንድ የተኮራረፈ ሰው ቤቱ ውስጥ ተኝቶ ከአገር ወጥቷል። ጎረቤቶቹ ሲሄድ አይተውታል።

አንሙት ረፋዱ ላይ፣ ገመድ ልዋስ ብሎ፣ ወደ እድሩ ሊቀመንበር ወደ ጋሽ ሞላልኝ ቤት ቀዘፈ። ገመድ ነበረው።

ጋሽ ሞላልኝ በረንዳቸው ላይ ጥርሳቸውን ይፍቁ ነበር። ጡረተኛ ዳኛ ናቸው፤ ደግ ሰው ናቸው። ይህን የሚጠራጠር የለም።

«ይዟታል» አሉት።

«እኔ ምንም አልተናገርኩም፣ ጋሽ ሞላልኝ።»

«ፊትህ ተናገረ እኮ። ማርያም በሽልም ታውጣት።» መፋቂያቸውን አወጡ። «ከመቼ ጀምሮ ነው?»

«ከንጋት። ግን ሲስተር ከድጃ ሰው አይምጣ ብላለች። ውሃው ከክንድም አንሷል። እርስዎም ያውቁታል፣ ሞተር ሲገባ...»

«አውቃለሁ። የልጅ ልጄን ሥዕል እኔ አይደለሁ የሣልኩላት? አሥር ከአሥር ነው የሰጠሃት።» ትከሻውን ያዙት። «ሐሳብ አይግባህ። ለማንም አልናገርም።»

«እግዜር ይስጥልኝ።»

«ለኮሚቴው ብቻ። ኮሚቴው ከሌላ ቢሰማ ነገ ‹ሊቀመንበሩ ለብቻው ያውቃል› ይለኛል። አንተም አትወድልኝም።»

«ኮሚቴው ማን ማን ነው?»

ጋሽ ሞላልኝ አሰቡ። «ሁሉም ነው ማለት ይቻላል» አሉ። «ያልተመረጠው ሲቀየም እየጨመርን፣ እየጨመርን መጣን።»

*

የመጡት ሁሉ ሞተራቸውን ቀስ አድርገው ነው የመጡት። ይህን መካድ ግፍ ነው።

መጀመሪያ ቅርብ ጎረቤቶች መጡ፤ ከዚያ ራቅ ያሉት፣ ከዚያ በደንብ የማይተዋወቁት፣ በመጨረሻ የተጣሉት መጡ። የተጣላ ሰው ካልመጣ ለመምጣት ያልፈለገ ይመስልበታል። ድንኳኗን የጫነች ጀልባ መጣች። ወንበሮቹን የጫነች ጀልባ መጣች። እትዬ ጥሩዬ የገንፎውን ድስት ጉልበቷ መሃል አቅፋ፣ ለቅቤው ሌላ ሰው መድባ መጣች።

አንሙት በረንዳው ጫፍ ላይ ቆሞ ድምፁን ዝቅ አድርጎ ይለምን ነበር። ድምፁን ከፍ ቢያደርግ እንግዳ እያባረረ ይመስላል።

«እባካችሁ፣ ሞተሩን... ውሃው ሳስቷል።»

«የኔዋን ነው?» አለ አንዱ። «ይቺ እኮ ሞተር አትባልም፣ ሳል ናት። ያንን የበላይን ሞተር አትለውም?»

«እኔ በግማሽ ጉልበት ነው የመጣሁት» አለ በላይ። «በመቅዘፊያ ልምጣ ብል ነገ ‹በላይ ዘግይቶ ደረሰ› ትሉኛላችሁ።»

«እንላለን» አለች እትዬ ጥሩዬ። «አንሙት፣ የኔ ልጅ፣ አትጨናነቅ። አንድ ሞተር ምን ያመጣል? ደግሞ በባዶ ሜዳ ከምትወልድ... ያው ሜዳ እንኳ የለም። ሰው በሰው ነው።»

የልኬት ሠራተኛው ኢዮስያስ ነጭ ሸሚዝ ለብሶ በመሥሪያ ቤቱ ሞተር ደረሰ። ወጣት ነው፣ ከዩኒቨርሲቲ ከወጣ ብዙ አልሆነውም፣ የአንሙት ተማሪ ነበር።

«ቲቸር፣ እኔ ዛሬ ሁለት ሰው ነኝ» አለው፣ በሐፍረት። «ለኪም ነኝ፣ የእድር አባልም ነኝ። በአንዱ ብቀር በሌላው እጠየቃለሁ።»

«ሞተርህን አጥፋና ቁም። ሌላ ምንም አልጠይቅህም።»

ኢዮስያስ አጠፋ። ዘንጉን ከቤቱ ሥር ነከረ፤ ጫፉ አረንጓዴ በራ። ደብዘዝ ያለ አረንጓዴ ነው፣ ግን አረንጓዴ ነው። ሁሉም አየ፤ ሁሉም «ተመስገን» አለ።

ከውስጥ «ማርያም፣ ማርያም» የሚለው ድምፅ ከፍ አለ። የውጭዎቹ ለመስማት ጠጋ አሉ። ጠጋ ሲሉ ጀልባዎቹ ተፋፈጉ፤ ሲፋፈጉ ኋላ ያሉት ቦታ ለማግኘት ቤቱን መዞር ጀመሩ። ቡናማው ላይ ሰማያዊ ክር ታየ። ከዚያ ሌላ ክር። ሲስተር ከድጃ በመስኮት አንገቷን አወጣች።

«ያን ነገር አጥፉት! ሁላችሁም!»

ሁላቸውም አጠፉ፤ ባሕሩ ጭር አለ። ሰዎቹ በመታዘዛቸው ተደሰቱ። ነፋስ ግን ነበር፤ ሞተር የጠፋባቸው ጀልባዎች ተንሸራተው የወላዷን ቤት በርሜሎች ይገጩ ጀመር። ቤቱ በተናጋ ቁጥር ከውስጥ ጩኸት ይመጣል። ያንን ጨክኖ የሚሰማ ሰው አልነበረም፤ ስለዚህ ወደኋላ ለማለት እያንዳንዱ ሞተሩን ለአፍታ ያህል አስነሣ።

ኢዮስያስ ዘንጉን አወጣው፣ በሸሚዙ ጠረገው፣ መልሶ ነከረው። ቢጫ ሆነ።

«ቢጫ ምንድን ነው?» አለች እትዬ ጥሩዬ።

«ቢጫ... ገና ነው፣ እትዬ።»

«የአገር ሰው ነው ወይስ አይደለም?»

«ግማሽ ግማሽ ነው እንበል።»

ጋሽ ሞላልኝ ከጀልባቸው ተነሡ። ዳኛ ሆነው የኖሩ ሰው ናቸውና ቆመው ሲናገሩ ሌላው ይቀመጣል። «ወገኖቼ» አሉ። «ውሃው ወደኛ ካልመጣ እኛ ወደ ውሃው እንሂድ። ወደ ወንዙ አፍ፣ ወደ ምዕራብ፣ ቆዳው ወፍራም ነው። ቤቱን እንጎትተው።»

«ጋሽ ሞላልኝ፣ በመቅዘፊያ ይሁን» አለ አንሙት። «እግርዎ ሥር ልውደቅ፣ በመቅዘፊያ።»

«በመቅዘፊያማ መሽቶ ይደርሳል እኮ፣ ልጄ። ሰዓቱ ደርሷል።»

ሁለት ጀልባ ይበቃ ነበር። ግን ማን ይጎትት፣ ማን ይቅር? የቀረ ሰው «አንሙትን ሲጨንቀው ቆሞ አየ» ይባላል። ሁሉም ገመዱን ወረወረ፤ ሁሉም አሰረ። ከዚያ ሁሉም ባንድ ጊዜ ሙሉ ጉልበት ሰጠ። ቤቱ ዘንበል ብሎ ተንቀሳቀሰ። የፋናዬ አልጋ ከግድግዳ ወደ ግድግዳ ሄደ። ከፊታቸው ቡናማ ነበር፤ ደግ፣ ወፍራም፣ የወንዝ ሽታ ያለው ቡናማ። ጀልባዎቹ ገቡበትና ሰማያዊ ሆነ። የሚቀጥለውም እንዲሁ። አገራቸውን እየፈለጉ አገራቸውን ያርሱ ነበር፤ የደረሱበት ሁሉ የነበረ ቦታ ይሆናል።

ኢዮስያስ ከቤቱ ጎን በጀልባው እየተጎተተ ዘንጉን ነክሮ ይዟል። መርዶ ነጋሪ እንደሚያደርገው፣ ድምፁን ዝቅ አድርጎ «ቀይ ነው» አለ።

*

ልጅቷ የወጣችው ያን ጊዜ ነው።

«ሴት ናት» አለች ሲስተር ከድጃ። እትዬ ጥሩዬ ለእልልታ አፏን ከፈተች፤ ጋሽ ሞላልኝ እጃቸውን አነሡ፤ አፏን ዘጋች።

«ጮኸች?» አሉ።

«አልጮኸችም» አለ ኢዮስያስ።

«እንግዲያው በሕግ ፊት ገና አልተወለደችም። ጎትቱ!»

ጎተቱ። አንሙት ወደ ውስጥ ገባ። ሲስተር ከድጃ የልጅቷን አፍ በጣቷ ጠርጋ፣ እግሮቿን ይዛ ዘቅዝቃት ነበር። እጇ ለመምታት ተነሥቷል። አንሙት እጇን ያዘው።

«ትንሽ ብቻ፣ ሲስተር።»

«ምን?»

«ትንሽ ብቻ። በመስኮት ይታየኛል፣ ቡናማው እዚያ ነው። ልንደርስ ነው።»

«ልጅቷን አላየሃትም? ጠቁራለች እኮ።»

«አውቃለሁ። ትንሽ ብቻ። አሁን ከጮኸች መርከብ ነው። ትንሽ ብትቆይ ዜጋ ናት። ትምህርት ቤት አስገባታለሁ። እኔው አስተምራታለሁ።»

«ትንፋሽ ቀጠሮ አይሰጥም፣ አንተ ሰው። ልቀቀኝ።»

አልለቀቃትም። ውጭ ሞተሩ ያጓራል፤ ከሞተሩ በላይ ግን ሰው ሁሉ ፀጥ ብሎ ነበር። ከንፈራቸው ይንቀሳቀሳል። ሕፃኗ እንዳትጮህ ይጸልዩ ነበር፤ አንዳንዶቹ ዕንባቸው እየወረደ፣ ከልባቸው። በዚህ ወረዳ ሕዝብ እንዲህ ሲጸልይ የመጀመሪያው ጊዜ እንዳልሆነ ኢዮስያስ ያውቃል። ሌላ ጊዜ ጸሎቱ የተሰማበት ቀን ነበር። ያ ሕፃን ዜጋ ሆኖ ነው የተቀበረው።

ፋናዬ በክርኗ ተነሣች። ማንንም አልለመነችም። ልጇን ከሲስተር ከድጃ እጅ ነጥቃ፣ እትብቱ እንደተንጠለጠለ፣ ጉልበቷ ላይ በደረቷ አስተኛቻትና ጀርባዋን መታቻት። ገለበጠቻት፣ አፏን በአፏ ገጥማ እፍ አለችባት፣ እንደገና ገልብጣ መታቻት።

ልጅቷ ጮኸች። አጭር፣ የተቆጣ ጩኸት ነበር። ከዚያ ረጅም።

ሞተሮቹ አንድ በአንድ ጠፉ።

«ቀይ ነው?» አለች ፋናዬ።

ኢዮስያስ በመስኮት በኩል ዘንጉን አሳያት። «ቀይ ነው፣ እቴ። ይቅርታ አድርጊልኝ።»

«እሷም ቀላች» አለች ፋናዬ፣ የልጇን ፊት እያየች። «ተመስገን።»

*

እድሩ እዚያው፣ በየጀልባው ላይ ተሰበሰበ። የጋሽ ሞላልኝ ንግግር አጭር ነበር። በመተዳደሪያ ደንቡ መሠረት ከእድሩ ክልል ላይመለስ የሄደ ሰው እንደ ሟች ይቆጠራል፤ የልጅቷም ጉዳይ ከዚህ አይለይም፤ ድንኳኑ ተጭኖ መጥቷል፣ ወንበሩ መጥቷል፣ ሕዝቡ አለ፤ ሌላ ቀን ሰው ከማንገላታት ዛሬውኑ ለቅሶው ይቀመጥ። ማንም አልተቃወመም። ድንኳኑ በአራት ጀልባ ላይ ተዘረጋ።

«ገንፎውስ?» አለች እትዬ ጥሩዬ።

«ለቀስተኛ ይቅመሰው። ቅቤው ግን ይቅር፤ ነውር ነው።»

አንሙትን ነጠላውን አዘቅዝቀው አለበሱትና መሃል ወንበር ሰጡት።

«ልጄ አልሞተችም እኮ፣ ጋሽ ሞላልኝ» አለ። «ትሰማላችሁ። እየጮኸች ነው።»

«ማን ሞተች አለህ? ሄደች ነው ያልነው።» ጋሽ ሞላልኝ አጠገቡ ተቀመጡ፤ ጉልበቱን በእጃቸው ያዙለት። «ደግሞ ላልሞተ ሰው ማልቀስ መልካም ነው። የሞተ አይሰማ። እሷ ሰምታ ትሄዳለች።»

«እኔም አብሬ ልሄድ እችላለሁ። ሕጉ ይፈቅዳል።»

«ይፈቅዳል። ማን ከለከለህ? ግን ሐዘንተኛ በለቅሶ መሃል አይነሣም። ሦስቱ ይውጣ፤ ከዚያ ታስብበታለህ።»

የመርከቡ ጀልባ ከአረፋው መስመር በኩል መጣች። በመቅዘፊያ ነው የመጣችው። እነዚያ ሰዎች የሌላ ሰው ውሃ ላለማወክ ደንብ አላቸው።

ፋናዬ በሲስተር ከድጃ ተደግፋ ወጣች። ልጅቷን በራሷ ቀሚስ ጠቅልላ ደረቷ ላይ ይዛታለች። ድንኳኑ ፊት ስትደርስ ለቀስተኛው ሁሉ ከተቀመጠበት ተነሣ፣ እንደ ደንቡ።

«እግዚአብሔር ያጽናሽ» አሏት።

አልመለሰችላቸውም። አንሙትን አየችው። ከወንበሩ ላይ ግማሽ ያህል ተነሥቶ ነበር፤ የጋሽ ሞላልኝ እጅ ጉልበቱ ላይ እንዳለ ነው። ከባድ እጅ አልነበረም።

«ትመጣለህ?» አለችው።

አንሙት ዙሪያውን ተመለከተ። በላይ ነበር፤ ከሱ ጋር ሦስት ዓመት ሳይነጋገሩ ኖረው ዛሬ ዓይኑ አብጦ ያለቅሳል። የትምህርት ቤቱ ዳይሬክተር ነበሩ። ተማሪዎቹ ነበሩ። ይህን ያህል ሰው ለሱ ብሎ ተሰብስቦ አያውቅም።

«ሦስቱ ይውጣና» አለ። «ሦስቱ እንደወጣ በማግሥቱ።»

ፋናዬ ራሷን ነቀነቀች። «ተቀመጥ እንግዲህ» አለችው። «ይህ ሁሉ ሰው መጥቶ።»

ሲስተር ከድጃ ወደ ጀልባዋ አወረደቻት፣ ጫማዋን አቀበለቻት፤ ከዚያ ወደ ድንኳኑ ሳትገባ መቅዘፊያዋን አንሥታ ወደ ቤቷ ሄደች። በማግሥቱ የእድሩ ኮሚቴ ይህንን አንሥቶ ተነጋግሮበታል።

እትዬ ጥሩዬ ጉሮሮዋን ጠርጋ ተነሣች። ሥራዋን የምታውቅ ሴት ናት፤ በመጀመሪያው ስንኝ ሕዝቡን ያዘችው።

«ምን ዓይነት ውሃ ነው፣ ሰው የማያከብር፣
እኛ ሞልተን ሳለን፣ ጨው ሆኖ የሚቀር።»

ደረት ተደቃ። ጀልባዎቹ ተወዛወዙ። ልጅቷ ከሩቅ ትጮህ ስለነበር አንዳንዱ ግጥሙን በደንብ አልሰማውም፤ «እስቲ ትንሽ ዝም ብትልልን» ያለም ሰው ነበር፣ በክፋት አይደለም። እትዬ ጥሩዬ ወደ ሁለተኛው ስንኝ ከመግባቷ በፊት ጎንበስ ብላ የአንሙትን ጆሮ ፈለገች።

«ስሟ ማን ነበር?»

«ማ?»

«የልጅቷ። በስሟ ካልጠራኋት ሕዝቡ አይላቀስልኝም።»

ስም አላወጡላትም ነበር። በነሐሴ የተጸነሰ ልጅ ስም ሳይወለድ አይወጣለትም። አንሙት ወደ ባሕሩ አየ። ጀልባዋ አረፋው ላይ ደርሳ ነበር፤ ቀዛፊው በቀስታ መቅዘፊያውን ያነሣል፣ ያወርዳል። መጀመሪያ የመጣለትን ስም፣ የእናቱን ስም፣ ተናገረ።

«ይታይሽ» አለ።

«ይታይሽ!» አለች እትዬ ጥሩዬ፣ ድምፅዋን ለቅቃ፤ ሕዝቡም ተቀብሏት «ወዮ ይታይሽ! ወዮ ይታይሽ!» እያለ ከመቀመጫው ተነሣ። ለቅሶው በጣም ደመቀ። ሁሉም ባንድ ላይ ይጮህ ስለነበር፣ ጀልባዋ ውስጥ ዞር ብላ ጆሮዋን የሰጠችው ፋናዬ፣ ልጇን ምን ብለው እንደሚጠሩላት አልሰማችም።